የጥግ ቅርንጫፍ መስመር ዋና መሐንዲስ

ሊጀምር የተዘጋጀ ሰው የሌለበት ሰፈር አሳዩኝ፤ እኔም ሰው የማይኖርበት ሰፈር አሳያችኋለሁ። አንዱ ጋ ቤት ሊሠራ ድንጋይ አስወርዶ ድንጋዩ ሣር ያበቀለበት ሰው አለ። ሌላው ጋ መጽሐፍ ሊጽፍ እርሳስ ሲቀርጽ ሲቀርጽ እርሳሱን የጨረሰ አለ። ሙዚቃ ሊማር ለሰባት ዓመት ጣቱን ሲያፍታታ የኖረም አውቃለሁ። እነዚህን ሰዎች ሰነፍ የሚላቸው የማያውቃቸው ነው። ሰነፍ ሰው እንቅልፍ አለው። እነሱ ግን ሥራ ከያዘው ሰው እጥፍ ይደክማሉ፤ ከወንበር ሲነሡ እንኳ ወገባቸውን ይዘው ነው። «የት ደረሰ?» ተብለው ሲጠየቁ ደግሞ መልሳቸው በየትም ሰፈር አንድ ነው፦ «አንዲት ነገር ብቻ ቀርታኛለች።»

የዚህ ወገን አለቃ የሚኖሩት እኔ ባለሁበት ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የእኔ ክፍል ከእሳቸው በላይ ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ» እንላቸዋለን። ከጀርባቸው ግን ክቡር ዋና መሐንዲስ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ያደግኩት አክስቴ ፀጉር ቤት ውስጥ የሰው ወሬ እየበላሁ ስለሆነ፣ ለሰው ስም ማውጣት እንደ ማዛጋት ይቀናኛል።

ክቡርነታቸው ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ የመሬት ልኬት መሥሪያ ቤት ካርታ ገልባጭ ነበሩ። ሌላ ሰው የለካውን ወንዝ፣ ሌላ ሰው ያወጣውን መንገድ፣ ሌላ ሰው ስም የሰጠውን ኮረብታ በቀጭን ብዕር ሲገለብጡ ኖሩ። አንድም ቀን «ይህ ወንዝ ትንሽ ወደ ግራ ቢዞር ያምርበት ነበር» ለማለት አልተፈቀደላቸውም። ጡረታ በወጡ በሳምንቱ የራሳቸውን አገር ጀመሩ። ጀመሩ ስል ማቀዱን ነው።

ያቀዱት ባቡር ነው። ከእውነተኛው ባቡር ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያነሰ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚሄድ፣ ከዋናው መስመር ተገንጥሎ ወደ ባሕር የሚወርድ ቅርንጫፍ መስመር። እንዲህ ያለ መስመር በየትኛውም አገር የለም፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ብቻ ነው ያለው። አምስት ጣቢያዎች አሉት፦ መነሻ፣ ሁለት ዛፍ፣ ጡብ ቤት፣ ጨው በር፣ በመጨረሻም ባሕሩ ዳር ያለችው ጥግ። ድንገት አምልጧችሁ «የአሻንጉሊት ባቡር» ካላችሁ፣ ክቡርነታቸው በትሕትና ተነሥተው ጫማችሁ የት እንዳለ ያሳዩአችኋል።

ለዚህ መስመር ከቤታቸው ሦስት ክፍሎች አንዱ ተሰጥቶት ነበር፤ አራት ሜትር በሦስት ከሃያ። ቀድሞ የባለቤታቸው የእትዬ ልብስ መስፊያ ነበር። እትዬ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናቸው፤ ባቡሩ ሊመጣ ነው ሲባል ከነስፌት መኪናቸው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ባቡሩ ግን አልመጣም። ስለዚህ ወደዚያ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ገና ከበሩ ለአሥራ አንድ ዓመት ኮሪደር ላይ የተቀመጠ የስፌት መኪና ሲገጨው፣ እልፍ ብሎ ደግሞ አንድ የንድፍ ጠረጴዛ ብቻ ያለበት ባዶ ክፍል ያያል። ሎኮሞቲቭ የለም እንዳትሉ፤ አለች። አንዲት አረንጓዴ ሎኮሞቲቭ ከሦስት ፉርጎዎች ጋር በጥጥ ተጠቅልላ ካርቶን ውስጥ ትቀመጣለች። ለክብር እንግዳ ትወጣለች፤ በመሐረብ ተይዛ ትታያለች፤ ተመልሳ ትተኛለች።

ክፍሉን ባዶ ማለቴም ትክክል አይደለም። ወለሉ ላይ መስመሩ በሙሉ በጠመኔ ተሥሏል። ሐዲዱ ነጭ፣ ባሕሩ ሰማያዊ። እትዬ የታጠበ ልብስ ሊያሰጡ ወደ በረንዳው የሚያልፉት በዚያ ክፍል ስለሆነ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ባሕር ይሻገራሉ።

«ቁሚ፣ ቁሚ፣ ባሕሩ ውስጥ ገባሽ» አሏቸው አንድ ቀን እኔ ባለሁበት።

እትዬ ወደ እግራቸው እንኳ አላዩም። «ዋና አልችልም። ይልቅ ባልዲውን ተቀበለኝ።»

ባልዲውን ተቀበሏቸው። ግን በሐዲዱ ላይ አልተራመዱም፤ በሁለት ዛፍ በኩል ዞረው፣ ማቋረጫው ላይ ቆም ብለው ግራና ቀኝ አይተው ነው ያለፉት። በዚያ ቀን ሳቄን ይዤ ደረጃውን ወርጄ፣ ምድር ቤት ያለው የወንዶች ፀጉር ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም።

ፀጉር ቤቱን ማስተዋወቅ አለብኝ። ወንበሮቹ ሦስት ናቸው፤ ፀጉር አስተካካዩ አንድ። የቀሩትን ሁለት ወንበሮች የምንይዛቸው ፀጉራችንን ለመቆረጥ ያልመጣን ሰዎች ነን፦ እኔና ጎረቤት ያለው ዳቦ ጋጋሪ። ጋጋሪው ጠዋት ዳቦውን ካወጣ በኋላ ሌላ ሥራ የለውም። እኔ ራዲዮና ስልክ እጠግናለሁ፤ የዘንድሮ ስልክ ደግሞ ከሚጠገን ይልቅ የሚጣለው ይበዛል። ወሬ ያስፈልገን ነበር ማለት ነው። ክቡር ዋና መሐንዲስን ያገኘነው በዚህ ረኃብ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቅሁት ያለ ተንኮል ነው ብል አትመኑኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው፤ «የጨው በር ጣቢያ አለቃ የት ነው የሚያድረው?»

እርሳሳቸው ወረቀቱ ላይ ቆመ። ንድፉን አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ደግመው አዩ። ጣቢያው ላይ የትኬት መሸጫ ነበረ፤ የሻንጣ ማስቀመጫ ነበረ፤ ሰዓት ነበረ። አልጋ ግን አልነበረም።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ይኼን ሰውዬ ቆሞ ነው ያሳደርኩት።»

በሳምንቱ ለጣቢያ አለቃው ቤት ተሠርቶለታል፤ በወረቀት። እኔም ቤቱን አድንቄ ሳበቃ ባለትዳር ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ለካ ባለትዳር ነው፤ ልብስ ማስጫ ገመድ ተጨመረ። ልጆች አሉት? ሦስት። የት ይማራሉ? እዚህ ላይ ላጲስ ተነሣ። ትምህርት ቤቱ ከጣቢያው ጀርባ እንዲገባ ሐዲዱ በስድስት ሴንቲ መገፋት ነበረበት። ሐዲዱ ሲገፋ ድልድዩ ተገፋ፤ ድልድዩ ሲገፋ አሥራ አራት ሉሆች እንደ አዲስ ተነደፉ። እኔ አንድ ጥያቄ በአንድ ደቂቃ ጠየቅሁ፤ እሳቸው ለመመለስ ሁለት ወር ተኩል ፈጀባቸው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄ ማውጣት የፀጉር ቤቱ መደበኛ ሥራ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እየሳለ ያስባል፤ ጋጋሪው ክንዱ ላይ የቀረውን ዱቄት እያራገፈ ያስባል፤ አመላላሹ እኔ ነኝ። «ጥግ ላይ ሰው ሲሞት የት ይቀበራል ብለህ ጠይቅልኝ» ይለኛል ጋጋሪው። እጠይቃለሁ። ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ መቃብር ይወጣል፤ ጠባቂም ይቀጠርለታል። «ጡብ ቤት ላይ ውሻ አለ?» አለ፤ የጭነት ፉርጎ ሲመጣ ብቻ ይጮኻል። «እሑድ ባቡሩ ይሠራል?» ይህ የፀጉር አስተካካዩ ጥያቄ የሰዓት ሰሌዳውን በሙሉ አፍርሶ አንድ ክረምት በላ።

እሳቸው ጥያቄዎቹን የሚጽፉበት ትልቅ ደብተር ነበራቸው። ሽፋኑ ላይ በዚያ በካርታ ፊደላቸው «የሕዝብ ጥያቄ» የሚል ተጽፏል። ቀን፣ ጥያቄ፣ የተሰጠ መልስ። የጠያቂው ስም በሚገባበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ቃል ነበር፦ «ተሳፋሪ»። ይህን ለፀጉር ቤቱ የነገርኩ ቀን ጋጋሪው ሳቁ ወደ ሳል ዞሮበት ውኃ አቀረብንለት።

እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ ልጃቸው ደወለች።

ልጃቸው ሌላ ከተማ የምትሠራ ነርስ ናት። አርግዛለች። ባሏን መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ዓመት ሩቅ አገር ልኮታል። ብቻዋን አትወልድም፤ ብቻዋንም አታሳድግም፤ ወደ ወላጆቿ ትመጣለች። እትዬ ስልኩን እንደዘጉ ቀጥ ብለው ወደዚያ ክፍል ገቡ። እኔ የሆነች ራዲዮ ሠርቼ ላስረክብ ሄጄ እዚያው ነበርኩ። ባሕሩ መኻል ቆሙ።

«አምስት ወር አለህ» አሉ። «ከዚያ ይኼ ክፍል የልጄ ነው።»

ክርክር ጠብቄ ነበር። ለፀጉር ቤቱ የሚሆን ክርክር። ክቡርነታቸው ግን እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

«ልክ ነሽ» አሉ። «አንድ ጊዜ ብቻ ይሂድልኝ። ከመነሻ እስከ ጥግ፣ አንቺ እያየሽ። ከዚያ እኔው ራሴ ፈትቼ አወጣዋለሁ። ማንም አይረዳኝም።»

እትዬ ትንሽ አዩአቸው። ቁጣቸው ሲቀዘቅዝ ይታየኝ ነበር። «እኔ ባቡር አልጠላሁም እኮ» አሉ። «የጠላሁት ጠመኔውን ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳይ ራሴም ዓይኔን አላመንኩም። ሰውየው ጀመሩ። አናጢ ጠሩ። አናጢው ጣውላውን በልኩ ቆርጦ፣ እግር ሠርቶ፣ ክፍሉን በሦስት በኩል የሚዞር ጠረጴዛ አቆመ። የጠመኔው ባሕር ከወለሉ ታጥቦ ወጣ፤ እትዬ ራሳቸው አጠቡት፤ ያጠቡትም እየዘፈኑ ነው። ከላይ ቤቴ ሆኜ የመጋዝና የመዶሻ ድምፅ እሰማለሁ። ባሕሩ በሰማያዊ ቀለም ተቀባ፤ በላዩ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ፈሰሰ፤ መስኮቱ ሲከፈት እውነተኛ ውኃ ይመስላል። የጥግ ጣቢያ በካርቶን ተሠራ፤ ጣሪያው ከክብሪት እንጨት። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ክቡርነታቸው እጃቸው ኮላ ስለሆነ በክርናቸው ይጨብጡኛል። ቁመታቸው የጨመረ ይመስለኝ ነበር።

ልጃቸው ልትመጣ ሦስት ሳምንት ሲቀር የቀረው ሐዲዱን መዘርጋት ብቻ ነበር። ሐዲዱ አንድ አንድ ሜትር ተቆርጦ ግድግዳው ጥግ ቆሟል።

ይህን ዜና ለፀጉር ቤቱ ሳደርስ ማንም ደስ አላለውም። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ደስ አላለኝም። ሊያልቅብን ነበር።

«በቃ ሊሄድ ነው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ አንድ ደንበኛ ወንበሩ ላይ በሳሙና አረፋ ተቀብቶ ይጠብቃል።

«ሊሄድ ነው።»

«ምንም አልጎደለውም?»

«ምንም።»

«አንተ ደግሞ» አለኝ፤ «ሁለት ዓመት እዚያ ቤት ስትገባ ስትወጣ ኖረህ አንድ የጎደለ ነገር አጣህ? አሳፈርከን።»

ጋጋሪውም ጨመረበት። «ለመሰነባበቻ አንዲት ብቻ። ጥሩ የሆነች።»

አንዲት ብቻ። በዚያው ከሰዓት ወጣሁ። ክቡርነታቸው የመጀመሪያዋን ሐዲድ በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላኛው እጃቸው ጥቃቅን ምስማሮች ይዘው ነበር። እኔ ጠረጴዛውን ዞር ዞር ብዬ አደነቅሁ። ከዚያ በጨው በርና በጥግ መካከል፣ ሐዲዱ ባሕሩን ተጠግቶ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ጎንበስ አልኩ።

«ጋሼ፣ ይኼ ከውኃው ስንት ከፍ ይላል?»

«ሁለት ሴንቲ።»

«ሁለት ሴንቲ ሲባዛ በሰማንያ ሰባት…» ብዬ በጣቴ የማሰላ መሰልኩ። ቀድሜ ፀጉር ቤት አስልቼው ነበር። «አንድ ሜትር ከሰባ አራት። የኔ ቁመት ማለት ነው። ባሕር ሲሞላ ለኔ ቁመት ያፍራል እንዴ?»

ሐዲዷን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጧት።

ባሕር እንደሚሞላና እንደሚጎድል ያውቃሉ፤ ስንት የባሕር ዳርቻ ገልብጠዋል። የሞላበትን ልክ በነጠላ መስመር፣ የጎደለበትን በነጠብጣብ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት። የራሳቸው ባሕር ላይ ግን ረስተውታል። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ያኔ «ጋሼ፣ ቀልዴን ነው፤ ምስማሩን ይምቱ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ፀጉር ቤቱ ይጠብቀኝ ነበር።

ሐዲዱ በሁለት ሴንቲ ከፍ ማለት አለበት ተባለ። ከፍ ካለ ጨው በር ላይ ያለው የመንገድ ድልድይ የባቡሩን ጣሪያ ይገጨዋል። ድልድዩ ከፍ ካለ በላዩ የሚያልፈው መንገድ ዳገት ይሆናል። ዳገት ከሆነ ጋሪ አይወጣውም፤ ስለዚህ መንገዱ ዞሮ ይርዘም። ቢዞር የጣቢያ አለቃው ልጆች ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይገባል። ትምህርት ቤቱ ወደ ኋላ ይሂድ ቢባል ኋላው የጥግ መቃብር ያለበት ኮረብታ ነው፤ መቃብር ደግሞ አይነሣም። ስለዚህ ጣውላው ራሱ በሃያ ሴንቲ ይስፋ። ጣውላው ከሰፋ በሩ አይከፈትም። ይህን ሁሉ በማግስቱ ደረጃ ላይ አቁመው የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ፀጉራቸው ላይ የመጋዝ ብናኝ አለ፤ ዓይናቸው እንቅልፍ አላየም።

«እንደዚያው ቢተውትስ ጋሼ?» አልኩ፤ አሁን ዘግይቼ። «ማን ያየዋል?»

«ተሳፋሪ ያየዋል» አሉኝ። «አንተም አየኸው አይደል?»

ይህን ለፀጉር ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልስቅ ተናገርኩ። እነሱ ሳቁ። እኔም ዘግየት ብዬ አብሬ ሳቅሁ፤ ልማድ ነው።

ሦስቱ ሳምንታት እንዴት እንዳለቁ እኔ ከላይ ሆኜ እሰማው ነበር። መዶሻው ቆመ። በምትኩ ምስማር የሚነቀል ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ እሱም ቆመና ዝም አለ። ዝምታው የወረቀት ነው፤ አውቀዋለሁ። ወደ እርሳሳቸው ተመልሰዋል ማለት ነው። አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ ሳልፍ ድምፃቸውን ሰማሁ። እትዬን ነው። «አንዲት ነገር ብቻ ቀርታኛለች» ይላሉ። የስፌት መኪናው ድምፅ ኮሪደሩን ሞላው።

ልጃቸው ሰኞ ቀን መጣች። ሆዷ ገፍቶ፣ እግሯ አብጦ፣ ሻንጣዋን እኔ ነኝ ደረጃውን ያወጣሁት። ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ክቡርነታቸው ጠረጴዛውን ሲፈቱ አገኘኋቸው። እንዳሉት ማንም አልረዳቸውም። ብሎኑን አንድ በአንድ እየፈቱ፣ ቆርቆሮ ውስጥ እየከተቱ፣ ጣውላውን በቁጥር ቅደም ተከተል ግድግዳው ላይ እያስደገፉ። ሰማያዊው ባሕር ተገልብጦ ቆሞ ነበር። አንድም ሐዲድ አልተዘረጋበትም። አረንጓዴዋ ሎኮሞቲቭ ከካርቶኗ አልወጣችም።

«አባዬ፣ አንዱን ጥግ ልተውልህ?» አለች ልጅቷ። «የሕፃን አልጋ ስንት ቦታ ይወስዳል?»

«ሕፃን ቦታ አይበቃውም» አሏት። «ገና ይድሃል፤ ይሮጣል። ግቢ፣ ቁጭ በይ፣ እግርሽን አሳርፊ።»

ስወጣ እትዬ ኮሪደሩ ላይ የስፌት መኪናቸው አጠገብ ቆመው ነበር። ክር እያስገቡ ነበር፤ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ስቃችሁ ጨረሳችሁ?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ…»

«አልቆጣህም» አሉ። «አንተ ልጅ ነህ። ግን ልንገርህ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለዚያች ባቡር እኔ አንድም ነገር አልጠየቅኩትም። ሰልችቶኝ። አንተ ስትመጣ በር ላይ ጫማህን ሰምቶ ሸሚዙን ይቀይር ነበር። ለጥያቄህ።»

ክሩ መርፌው ውስጥ ገባላቸው። እኔ ግን መውጫው በር ጠፋብኝ፤ የስፌት መኪናውን ሁለት ጊዜ ገጨሁት።

በማግስቱ በበራቸው ላይ አንዲት ወረቀት ተለጠፈች። በካርታ ፊደል፣ በቀጭን ብዕር፣ ዳር ዳሩ በጥንድ መስመር ተከቦ እንዲህ ይላል፦ «የጥግ ቅርንጫፍ መስመር ከዛሬ ጀምሮ አገልግሎቱን ያቋረጠ መሆኑን እያስታወቅን፣ ክቡራን ተሳፋሪዎች ለዓመታት ላሳያችሁን ትዕግሥት እናመሰግናለን።» ከሥር ፊርማ ነበረ። ከፊርማው ሥር «ክቡር ዋና መሐንዲስ» ይላል።

ያንን ማዕረግ ፊት ለፊታቸው አንድም ቀን ጠርተነው አናውቅም።

ወረቀቱን ለፀጉር ቤቱ ነገርኩ። ምላጩ ቆመ። ጋጋሪው ክንዱን ተመለከተ። «ያውቁ ነበር ማለት ነው?» አለ። የዚያን ቀን ፀጉሩን ሊቆረጥ የመጣው ሰውዬ ምን ነካችሁ ብሎ ጠየቀን።

ከዚያ ወዲህ ክቡርነታቸው እንደማንኛውም ጡረተኛ ሆኑ። ጠዋት ዳቦ ይገዛሉ። ከሰዓት በረንዳቸው ላይ ይቀመጣሉ። ሕፃኗ ተወለደች፤ ሴት ናት፤ ሳንባዋ ደህና ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። እሳቸው ታቅፈዋት ይዞራሉ፣ ያባብላሉ፣ የታጠበ ጨርቅ ያሰጣሉ። ምንም አያቅዱም። ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ እጃቸው ንጹሕ ነው፤ በመዳፋቸው ይጨብጡኛል። ይኼ መጨባበጥ እንዴት እንደሚከብደኝ ለማንም አልተናገርኩም።

እኔ ሰው ሲናፍቀኝ የሚገባኝ ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ ሥራ የፈታሁ መስሎኝ ነበር። የሚያወራ ሞልቶ ወሬ ያጣሁ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ራዲዮ ስፈታ፣ ጨው በር ላይ ያ ጣቢያ አለቃ አሁን ምን ይሆን የሚያደርገው ብዬ ሳስብ ራሴን ያዝኩት። ሦስቱ ልጆቹስ። መቃብር ጠባቂውስ። ያን አገር እኮ እኔም ኖሬበታለሁ፤ ግማሹን ሕዝብ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ።

ተነሥቼ ክፍሌን ለካሁ። የሥራ ጠረጴዛዬን ወደ አልጋዬ ብገፋ፣ ቁም ሳጥኑን ባወጣ፣ ሦስት ሜትር ከሰማንያ በሦስት ይወጣል። ልኬቱን በወረቀት ጽፌ፣ ሸሚዝ ቀይሬ ወረድኩ።

በረንዳው ላይ ነበሩ። ሕፃኗ ውስጥ ተኝታለች፤ እትዬም አሁን የስፌት መኪናቸውን በረንዳው ጫፍ አውጥተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን የሆነ ትንሽ ልብስ ይሰፋሉ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ለምን እንደሆነ ተናገርኩ። እየተንተባተብኩ ነው የተናገርኩት፤ ቀልድ በሌለበት መናገር አልለመድኩም።

ልኬቱን ደህና አድርገው አነበቡት። ለአፍታ ዕድል ያለኝ መሰለኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «ግን አይሆንም። ክፍልህ የምትሠራበት ነው። እኔም እጄ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሰሞኑን መስመር ሳወጣ ይንቀጠቀጣል። የቀረችኝ ያቺ ሦስት ሳምንት ብቻ ነበረች።»

ይቅርታ ልል ስል እጃቸውን አነሡ። «ጥያቄዎቹ ከታች ከፀጉር ቤቱ እንደሚመጡ አውቅ ነበር» አሉ። «በዚያ ሳልፍ ሳቃችሁ ይቋረጥ ነበር።»

«ታዲያ ለምን መለሱልን?»

«ጥያቄው ልክ ነበር። ሳቃችሁ ሌላ ነገር ነው፤ ጥያቄው ግን ልክ ነበር። ባሕር ይሞላል።»

የስፌት መኪናው ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። እኔም በዚያ ቤት ያለ ተንኮል የመጀመሪያዬን ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ማንም ያልላከኝን።

«ጋሼ፣ የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት ላይ ነው የወጣው?»

አላዩኝም። ወደ መንገዱ፣ ወደ መብራት እንጨቶቹ እያዩ ቆዩ።

«አሥራ አንድ ከሃያ» አሉ በመጨረሻ። «ከመነሻ። በሰዓቱ።»

«ሰው ነበረው?»

«ሙሉ ነበር። ሁለት ዛፍ ላይ ቆመው የቀሩም አሉ። ጡብ ቤት ስንደርስ ውሻው የጭነት ፉርጎ መስሎት ጮኸ፤ ከዚያ አፈረ። ጨው በር ላይ ጣቢያ አለቃው በሩን ቆልፎ፣ ቁልፉን መስኮቱ ላይ ትቶ፣ ከነሚስቱ ከነልጆቹ ተሳፈረ። ከዚያ በኋላ ባሕሩ ነው።»

«ሞልቶ ነበር?»

«ሞልቶ ነበር። እስከ ሐዲዱ መደብ ድረስ። ግን ሐዲዱን ከፍ አድርጌዋለሁ፤ አልነካውም።»

የስፌት መኪናው ከቆመ ቆይቷል። እትዬ አልዞሩም፤ ጨርቁ ግን እጃቸው ላይ አይንቀሳቀስም ነበር።

«እትዬስ?» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«በግራ በኩል መስኮቱ ጋ ነበረች። ባሕሩ የሚታየው በግራ ነው።»

ከዚያ ለመጠየቅ የፈራሁትን ጠየቅሁ።

«እኔስ ጋሼ? እኔ ነበርኩ?»

ያኔ ዞር ብለው አዩኝ። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያውም በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ እንደዚያ በፍቅር ያየኝ ሰው አላስታውስም።

«መሳፈሪያው ላይ ነበርክ እንጂ» አሉኝ። «እጄን አውለበለብኩልህ። አንተ ጥያቄ ነበረህ፤ ባቡሩ ደግሞ ሰዓት ነበረው።»